አፕላይ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ፤ አሁን ሁለት ሰርቨር አለኝ

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የገብስ አምራቾች ማኅበር የሒሳብ መዝገብ የሚያገለግል ሰርቨር በአማዞን ክላውድ የኬፕ ታውን ሪጅን (የመረጃ ማዕከላት ሥፍራ) ላይ፣ በኮድ የተጻፈውን በሚፈጥረው ቴራፎርም በሚባል መሣሪያ እያቋቋምሁ፣ «አፕላይ» የሚለውን የማስፈጸሚያ ትእዛዝ ሰጥቼ ሳለ፣ «በመፈጠር ላይ ነው» የሚለው መስመር ለሦስተኛ ጊዜ እንደ ታየ መብራት ጠፋ፤ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፔም አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ አፕላይን ደግሜ አዘዝሁ፤ ያለ ምንም ስሕተት ተጠናቀቀ። የአማዞንን ገጽ ስከፍት ግን ሁለት ሰርቨሮች እየሠሩ አገኘሁ። በኮዱ የጻፍሁት አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ? የትኛውንስ ላጥፋ?

መልስ፣ አዲስ አበባ፦
ቴራፎርም በአካውንትዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይቆጥርም፤ ኮዱን የሚያመሳክረው በስቴት ፋይሉ (የፈጠራቸውን ነገሮች በሚመዘግብበት ፋይል) ከሰፈረው ጋር ብቻ ነው። ጥያቄዎ አማዞን ደርሶ የመጀመሪያው ሰርቨር ተፈጥሯል፤ መለያ ቁጥሩ ስቴት ፋይሉ ላይ ሳይጻፍ ኮምፒውተሩ ስለ ጠፋ ግን፣ ቴራፎርም በሁለተኛው ጊዜ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥሮ ሌላ ፈጠረ። «ቴራፎርም ስቴት ሾው» ብለው፣ በኮዱ ያለውን የሰርቨሩን ዓይነትና ስም አስከትለው፣ መለያውን ይመልከቱ፤ በዚያ ያልተመዘገበውን ከአማዞን ገጽ በእጅዎ ያጥፉት። እባክዎ መለያውን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያመሳክሩ፤ የጠፋ ሰርቨር አይመለስም። ሁለተኛውን ባይፈጥሩ ኖሮ፣ ከቴራፎርም ቨርዥን 1.5 ጀምሮ ባለው የኢምፖርት ብሎክ የመጀመሪያውን ወደ ስቴት ማስገባት ይበቃ ነበር።

መልስ፣ ሸዋ ሮቢት፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስቴት ፋይሉን ቨርዥኒንግ (የቀድሞ ቅጂዎችን ማቆየት) በተከፈተበት ኤስ ስሪ (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ላይ ማኖር ግድ ነው፤ ይህ ብቻውን ግን ከዚህ ችግር አያድንዎትም፣ የሞተው ትእዛዙን የሚያስኬደው ፕሮግራም ራሱ ነውና። እኔ አፕላይን ከቤት ኮምፒውተሬ ማዘዝ ትቻለሁ፤ ክላውድ ላይ ባለች ትንሽ ማሽን ገብቼ በቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ አስኬደዋለሁ፣ ስለዚህ እዚህ መብራት ቢጠፋ ግንኙነቴ ይቋረጣል እንጂ ሥራው አይቋረጥም። ኔትወርክ ብቻ ተቋርጦ ስቴቱ ኤስ ስሪ ሳይደርስ ቢቀር፣ ቴራፎርም «ኤረርድ ዶት ቲኤፍስቴት» የሚባል ፋይል ባሉበት ፎልደር ያስቀምጣል፤ እርሱን ሳይሰርዙ በ«ስቴት ፑሽ» ይላኩት። የቀረ ሎክ (ሁለት ሰው ስቴቱን በአንድ ጊዜ እንዳይቀይር የሚከለክል መቆለፊያ) ካለም «ፎርስ አንሎክ» የሚሉት ሌላ ሰው እየሠራ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይሁን።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለያውን አመሳክሬ ያልተመዘገበውን አጠፋሁ፤ ከዚያ ፕላን (ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ሳዝዝ ምንም ለውጥ እንደሌለ ነገረኝ። ስቴቱን ዛሬ ማታ ወደ ኤስ ስሪ አዛውራለሁ።