«ዒሳ» የልጅ ስም ነው፤ «ኢየሱስ» ለምን አልሆነም?

ሂርማታ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። የምጽፈው ከጅማ ነው። እዚህ ገበያ መሀል «ዒሳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የሚል አይጠፋም። ዒሳ ማለት ደግሞ ኢየሱስ ነው። ታዲያ በሀገራችን ልጁን «ኢየሱስ» ብሎ የሰየመ ክርስቲያን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ገብረ ኢየሱስ፣ ኃይለ ኢየሱስ እንጂ ባዶውን የለም። ነገሩ ምንድን ነው?

ቀለም ቀንድ፦
መልሱ «ገብረ» ላይ ነው። «የእገሌ አገልጋይ፣ ባሪያ» ማለት ነው። ክርስቲያኑ ኢየሱስን አምላክ ብሎ ያምናል፤ የአምላክን ስም ደግሞ እንዲሁ ለሰው አይሰጥም። ሙስሊሙም ጋ ያው ነው። አላህ የሚባል ልጅ የለም፤ አብዱላሂ ግን ሞልቷል። የዐረብኛው «ዐብድ» የግዕዙ «ገብር» ነው። አብዱላሂና ገብረ እግዚአብሔር ሞክሼ ናቸው በሉት።

ልዩነቱ ኢየሱስ የቱ ጋ ይቀመጣል የሚለው ላይ ነው። በእስልምና ዒሳ ከታላላቆቹ ነቢያት አንዱ ነው፤ እንደ ሙሳ፣ እንደ ኢብራሂም ሰው ነው። በነቢይ ስም መጠራት ደግሞ የተወደደ ነው። ቁርኣን ከድንግል መወለዱን ይናገራል፤ አምላክነቱንና መሰቀሉን ግን አይቀበልም። እናቱ በስሟ የተሰየመ ሱራ (የቁርኣን ምዕራፍ) አላት፤ 19ኛው፣ መርየም። እዚያው ቁጥር 30 ላይ ሕፃኑ ዒሳ ራሱ አፉን ከፍቶ «እኔ የአላህ ባሪያ ነኝ» ይላል። ዐረብኛው «ዐብዱላህ» ነው። አያችሁ? ክርስቲያኑ ራሱን ለኢየሱስ «ገብረ» ያደርጋል፤ በቁርኣን ደግሞ ዒሳ ራሱ «ገብረ» ነው።

እግረ መንገዴን፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ ከመካከላቸው ጃዕፈር የተባለው ያነበበው ከዚሁ ሱራ ነው ይላል የእስልምና ታሪክ። ስለ ዒሳ ሲጠየቅም የመለሰው «የአላህ ባሪያና መልእክተኛ» ብሎ ነው።

ኳስ አፍቃሪ፦
ቆይ ቆይ፣ ጋብሪኤል ጄሱስስ? ኸሱስ ናቫስስ? ሁለቱም ለማንቸስተር ሲቲ ተጫውተዋል።

ቀለም ቀንድ፦
ሃሃ፣ ይህቺ አሪፍ ናት። የብራዚሉ ጋብሪኤል ሙሉ ስሙ ላይ «ዴ ጄሱስ» ነው፤ «የኢየሱስ» ማለት ነው። ናቫስ የመጣባቸው ስፔኖች ግን ባዶውን ይሰይማሉ። አምላክ ነው ብለው ማመናቸው ግን ከእኛዎቹ ክርስቲያኖች አይለይም። ስለዚህ ነገሩ የእምነት ብቻ አይደለም፤ የሀገር ልማድም አለበት።

አዌቱ፦
እኛስ ጋ አማኑኤል አለ አይደል? እሱም የክርስቶስ ስም ነው፤ ባዶውን ነው የምንጠራው።

ቀለም ቀንድ፦
ልክ ነው። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ስለሆነ ይመስለኛል አፋችን የደፈረው።

አዌቱ፦
«መሲሕ»ንም አትርሱት እንጂ። «የተቀባ» ማለት ነው፤ «ክርስቶስ» የግሪኩ አቻ ነው። ቁርኣንም ዒሳን አል-መሲሕ ይለዋል። የቃሉ ባለቤቶች አይሁድ ግን ኢየሱስን በመሲሕነት አልተቀበሉም፤ በእምነታቸው መሲሑ ገና የሚመጣ ነው።

ሂርማታ፦
ገብቶኛል። «ዒሳ (ዐ.ሰ)» ተብሎ ሲጻፍስ?

አዌቱ፦
«ዐለይሂ ሰላም»፤ ሰላም በእሱ ላይ ይሁን። የነቢያት ስም ሲጠራ የሚባል ነው። ደግሞ እባካችሁ በ«ዒ» ጻፉት፤ «ኢሳ» ስትሉ ኢሳይያስን ያቆላመጣችሁ ነው የሚመስለው።