መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የዓሣ ገንዳዬ ፊልተር አላስተኛ አለን

ጥያቄ (ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እባካችሁ አንድ ነገር እርዱኝ። ሳሎናችን ውስጥ ትልቅ አኳሪየም አለ። ርዝመቱ 1.50 ሜትር፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 400 ሊትር ውሃ ይይዛል። ስድስት ጎልድፊሽ አሉበት። ፊልተሩ ከሥር ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጥ፣ ባልዲ የሚመስል ዝግ ዓይነት ነው። በአንድ ቱቦ ውሃ ይስባል፣ በሌላው ይመልሳል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሰምተነው አናውቅም። ከወር በፊት ፈታትቼ አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ድምፅ ያወጣል። አንደኛው ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ እምምም የሚል ነው፤ አያቋርጥም። ሁለተኛው ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንከባለል ያለ ነው። ይሄኛው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይብሳል፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ውሃው በሚመለስበት በኩል ደቃቅ አረፋ ይወጣል።

ባለቤቴ አራስ ናት። እናቴ ልታርሳት ከአጋሮ መጥታ ሳሎን ነው የምትተኛው። ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስታ «በማርያም፣ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?» አለችኝ። ማታ ማታ ላጥፋው ብዬ ነበር፤ ዓሦቹ እንዳያልቁብኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ (ከአዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከሁሉ በፊት፣ ማታ እንዳታጠፋው። ፊልተሩ ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩት፣ የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያብላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት ከሚፈሰው ውሃ ነው። ዝግ ፊልተር ለሰዓታት ከቆመ ኦክስጅኑ ያልቅና መሞት ይጀምራሉ። ጠዋት ስታበራው ያ የሸተተ ውሃ ተመልሶ ዓሦቹ ላይ ይፈሳል። ጎልድፊሽ ደግሞ ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ ዓሣ ነው፤ ፊልተሩ ለአንድ ሌሊትም ባይዳከም ይሻላል።

ሁለቱን ድምፆች ለያይተህ ያዛቸው። እምምታው ንዝረት ነው። ጠጠር የሚመስለው ወይ አየር ነው፣ ወይ ኢምፔለሯ ናት። ኢምፔለር የምልህ ውሃውን የምትገፋውን፣ ማግኔት ያላትን ትንሽ ፕሮፔለር ነው።

እየሠራ ሳለ ፊልተሩን በሁለት እጅህ ከካቢኔው ወለል አንድ ጣት ያህል ብድግ አድርገው። እምምታው ከቀነሰ ካቢኔው ነው እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው። ካልቀነሰ ከራሱ ከሞተሩ ነው። ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ አዳምጥ። አዲስ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩል።

መልስ (ከጅማ፣ ሞተር የሚጠቀልል)

የአገር ልጅ፣ ሞተር መጠቅለል ሥራዬ ነው። ትንሽ እምምታ ምንጊዜም ይኖራል። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። በእንደዚህ ያለ ፓምፕ ውስጥ ማግኔቷ በሰከንድ 50 ጊዜ ትዞራለች፤ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የምትሰማው ያንን ነው። ሞተሩ ለብቻው ሲሆን ድምፁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስስ ቺፑድ ሲነካ ግን ይጎላል።

ጠጠሩን በተመለከተ፦ አጥቤው ነበር ብለሃል። ኢምፔለሯ የምትዞርበት ቀጭን የሴራሚክ ዘንግ አለ። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ ጎማዎች ይሰካሉ። ሰው ሲያጥብ ብዙ ጊዜ አንዷ ከውሃው ጋር ትሄዳለች። ዘንጉም እንደ ስኒ ቶሎ ይሰበራል። ሶኬቱን ነቅለህ ክፈተውና ሁለቱንም እይ። የማግኔቷን ጉድጓድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። ነጭ የኖራ ቅርፊት ካለ አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈህ በደንብ አለቅልቅ። ስፖንጁን ግን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው።

ጠያቂው

ተባረኩ። ፊልተሩን ብድግ ሳደርገው እምምታው በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ የመመለሻው ቱቦ የካቢኔውን ጀርባ ተደግፎ አገኘሁት። በእጄ ፈቀቅ ሳደርገው ቀጥ አለ! ከታጠበ በኋላ ስመልሰው አጣምሜው ነው ለካ።

ከላይ ያለችው አንዷ ጎማም የለችም። የታጠበበትን ሳፋ፣ ግቢውን ሁሉ ፈለግሁ። ጠፍታለች። ዘንጉ ደህና ነው።

መልስ (ከቢሾፍቱ)

እንኳን ማርያም ማረቻት ልጄ፤ ልጁንም ያሳድግላችሁ። እኔ ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይብሳል ያልከው ነገር ዋናው ፍንጭ ነው። ወንድሞችህ ስለ ጎማዋ የነገሩህ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የጎማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይንኳኳ ነበር።

የአንተ ፊልተር አየር ይስባል። የመሳቢያው ቱቦ የገንዳውን ጠርዝ ተሻግሮ የሚታጠፍበት ቦታ ከውሃው ወለል በላይ ነው። እዚያ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ብትኖር ውሃ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም። አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ እንኳ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። መብራት ሲጠፋ አየሩ ቀስ እያለ ቱቦው ጉብታ ላይ ይከማቻል። ሲመለስ በአንዴ ወደ ፓምፑ ይገባል። ኢምፔለሯ ውሃና አየር ቀላቅላ ስትመታ ያ የጠጠር ድምፅ ይመጣል። ደቃቁ አረፋም እሱ ነው።

መጋጠሚያውን ፍታ፣ ቱቦው ጫፉ ከደረቀ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁረጥለት። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ ገና ለስላሳ ሳለ እስከ መጨረሻው ስካው። በፋሼታ እሰረው። በጥርስ የሚጠብቅ ማያያዣ ከሆነ ቴፍሎን ጠቅልልበት። የክዳኑንም ትልቅ ጎማ አውጥተህ አሸዋ እንዳለበት እይ፤ ቫዝሊን ቀባ አድርገህ መልሰው።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

አባቴ፣ በቫዝሊኑ ብቻ አልስማማም፣ ይቅርታ። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። እኔ ራሴ አንድ የክዳን ጎማ አበላሽቼበታለሁ፤ አብጦ ክዳኑ አልዘጋ አለኝ። የሲሊኮን ቅባት ነው የሚሻለው። ከጠፋ ጎማውን በውሃ አርጥቦ መግጠም ይበቃል።

መልስ (ከቢሾፍቱ)

እሺ ልጄ፣ ትክክል ነህ። ለእኔ እስካሁን ችግር አላመጣብኝም፤ የእሱ ጎማ ግን ቫዝሊን ባይቀባ ይሻላል።

መልስ (ከጅማ፣ እናት ነኝ)

የእኔ ልጆችም ገንዳው ያለበት ክፍል ነው የሚተኙት። ካቢኔው ውስጥ ከፊልተሩ ሥር ወፈር ያለ ስፖንጅ አንጥፍ። እኔ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥኩት ቶሎ ሟሸሸና ፊልተሩ ዘመመ። ከዚያ ጎሚስታ ጋር ሄጄ ያረጀ የውስጥ ጎማ ለመንኩ። አራት እጥፍ አድርጌ አነጠፍኩት፤ ይኸው እስካሁን አለ። የካቢኔውን በር ከውስጥ በብርድ ልብስ ድፍን አታድርገው ግን። ሞተሩ ይሞቃል።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የውሃ መንጠባጠብ ድምፅ ሲሰማ የመመለሻውን ቱቦ ጥልቅ ውስጥ ይከተዋል። ጸጥ ይላል፣ እውነት ነው። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አስገባውና አፉን ሽቅብ ዘንበል አድርገው። የውሃው ፊት እየተርገበገበ፣ ድምፅ ግን ሳይኖር ይቀራል። ውሃው በትነት ሲጎድል ቶሎ ሙላው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ነው መንጨርጨር የሚጀምረው። ስትሞላም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ውሃውን ከቀዳኸው ቆየት አድርገው፣ ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨምርበት።

ጠያቂው (ከአምስት ቀን በኋላ)

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የመሳቢያው መጋጠሚያ ላይ ቱቦው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በዓይን የሚታየው ሲታጠፍ ብቻ ነው። ቆርጬ በፋሼታ አሰርኩት። ስገጥም ፊልተሩን ወዲህና ወዲያ እያዘነበልኩ የቀረውን አየር አስወጣሁ። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ለአሥር ደቂቃ ያህል ወጣ።

ጎማዋን ጅማ ውስጥ አላገኘሁም። ለጊዜው ከቀጭኗ የአየር ፓምፕ ሲሊኮን ቱቦ ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ቆርጬ ዘንጉ ላይ ሰካሁ።

ከትናንት በስቲያ ማታ መብራት ጠፍቶ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መጣ። ተነስቼ ካቢኔው አጠገብ ቆምኩ። ትንሽ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። እናቴ አልነቃችም። ልጁ ነው የቀሰቀሰን።

መልስ (ከጅማ፣ ሞተር የሚጠቀልል)

እሰይ! የቆረጥካት ቱቦ ለጊዜው ትይዛለች። አትርሳት ግን፤ እየቆየች ልትላላ ትችላለች። በየሁለት ሳምንቱ ክፈትና እያት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ የቀረችዋን ጎማ ፎቶና የፊልተሩን ሞዴል ቁጥር ይዞ ይሂድ። መጠኗ ከፊልተር ፊልተር ይለያያል፤ በግምት አትገዛም።