ነፃ ፈቃድ ያለው መጽሐፍ ለክፍል ይሁን ወይስ ይቅር? (የወሎ መምህራን ክርክር)

ጦሳ (ደሴ)፦ የአሜሪካው የነፃ መጻሕፍት አሳታሚ የኦፕን ስታክስ ፊዚክስን የመሰሉ በነፃ ፈቃድ የወጡ መጻሕፍት ለ11ኛ ክፍል ማስተማሪያ ይሁኑ? እኔ ይሁኑ ባይ ነኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ እኔ የለሁበትም። ለአሜሪካ ልጅ የተጻፈ ነው። ምሳሌው ቤዝቦል ሲሆን ልጁ ፊዚክሱን ትቶ የጨዋታውን ሕግ ሊያጠና ነው። ነፃ የተባለውም ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርስ ከወላጅ ኪስ ይወጣል።

ጦሳ፦ ጋሼ፣ አንቱ የጠሉት ቤዝቦሉን እንጂ ፈቃዱን አይደለም። ሲሲ ባይ ነው (ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ነፃ ፈቃዶች አንዱ)፤ ምንጩን ከጠቀሱና መለወጥዎን ከገለጹ መቁረጥም መተርጎምም ይችላሉ። ቤዝቦሉን አውጥተው የሐረጎን ቁልቁለት ያስገቡ፦ ከነጭነቱ 20,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ኪሎ ግራሙ በከፍታውና በምድር ስበት፣ ማለትም በ9.8፣ ሲባዛ ወደ 118 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ቢሸከመው ሸራው ይነዳል፤ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ቀስ በሉ፣ ነፃ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈቃዱ ላይ ኤንዲ (አትለውጥ ማለት ነው) ካለበት እንዳለ ማባዛት እንጂ ተርጉሞ ማሰራጨት ክልክል ነው። «ባይ ኤስኤ» (የተለወጠውም በዚሁ ፈቃድ ይውጣ) እና «ባይ ኤንሲ ኤስኤ» (በዚያ ላይ ለንግድ አይሁን) የሚሉ ጽሑፎችን ቀላቅሎ አንድ ሀንድአውት መሥራትም አይሆንም፤ ሁለቱም «ውጤቱ በእኔ ፈቃድ ይውጣ» ስለሚሉ ይጋጫሉ። በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ ደግሞ በነፃ ስለወረደ ብቻ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። መጀመሪያ የመብት ገጹን እዩ።

ቦርከና፦ ኤንሲ ለንግድ አይሁን ካለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማስከፈሉስ?

ሐይቅ ዳር፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ አይቶ፣ ለትምህርት ቤቶች በክፍያ ያባዛው ድርጅት ፈቃዱን አልጣሰም ብሏል። ፍርዱ እኛን አይገዛም፣ አመክንዮው ግን ይጠቅማል። በራሱ አባዝቶ መደርደሪያ ላይ ቢቸረችር ሌላ ጉዳይ ነው።

ጦሳ፦ ወጪው ላይ ጋሼ እውነት አላቸው፤ ምዕራፍ ሙሉ አይባዛም። የሚፈለገውን ጥያቄ መርጦ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ማውጣት ነው። ባለቀለም ግራፍ ግን ተጠንቀቁ፦ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ቀዩም ሰማያዊውም መስመር አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ከማባዛታችሁ በፊት አንዱን በነጠብጣብ ሳሉት።

ቦርከና፦ ልቤ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቀመሮቹ ምልክቶችስ? ከተማሪው መጽሐፍ ጋር ካልተመሳሰሉ ልጁ ፈተና ላይ ይደናገራል። ሐረጎንም በ9.8 አሰላኸው፤ የተማሪው መጽሐፍ 10 ካለ በ10 ይሁን።

ጦሳ፦ እንግዲያው 120 ሚሊዮን ጁል፤ አስተካክዬ እልካለሁ።