ዘረመልን ለ8ኛ ክፍል በምን ታስተምሩታላችሁ? ምላስ መጠቅለሉ ጉድ ሰራኝ

ጠመኔ በእጄ
ሰላም መምህራን እንዴት ናችሁ። 8ኛ ክፍል ሳይንስ ነው የማስተምረው፣ ዘረመል ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ትላንት ዶሚናንትን (ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታየውን ባህሪ) እና ሪሴሲቭን (ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚታየውን) ላስረዳ ብዬ ሁሌ እንደሚደረገው "ምላሱን መጠቅለል የሚችል እጁን ያውጣ" አልኩ፣ ምላሳቸውን እያወጡ ክፍሉ ተናወጠ። እኔም ደስ ብሎኝ መጠቅለል መቻል ዶሚናንት ነው፣ የማይችሉ እናትና አባት የሚችል ልጅ አይወልዱም ብዬ ሰሌዳ ላይ ፃፍኩ። አንዱ ልጅ ተነስቶ "ቲቸር እናቴም አባቴም አይችሉም እኔ ግን እችላለሁ" አይል መሰላችሁ። ከኋላ አንዱ "ታዲያ አባትህ ማነው?" ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉ በሳቅ አለቀ፣ ልጁ አቀርቅሮ ቀረ። እኔም የምለው ጠፋኝና ደወል አዳነኝ።

አሁን ለልጁ ምን ልበለው? ደሞስ ላብራቶሪ በሌለበት በምን ላስተምር? ፓኔት ስኴር (ልጆቹ ምን ሊወርሱ እንደሚችሉ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ይሞላሉ ግን የገባቸው አይመስለኝም፣ የክብና የጭምድድ አተር ምሳሌ ስሰጣቸው "3 ለ 1 ስለሆነ ሶስቱ ክብ ከሆኑ አራተኛው የግድ ጭምድድ ነው" ይሉኛል።

ሴል ዎል
እህቴ አይዞሽ፣ ልጁ ልክ ነው የተሳሳትነው እኛ ነን። ምላስ መጠቅለል በአንድ ጂን (ከወላጅ በሚወረስ አንድ መመሪያ) ይወረሳል የሚለውን በ1940 ያመጣው ስተርቴቫንት የሚባል የዘረመል ሰው ነው፣ ግን በ1952 ማትሎክ የሚባል ተመራማሪ 33 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ሲያይ በ7ቱ ጥንድ አንዱ ይጠቀልላል ሌላው አይችልም። ተመሳሳይ መንታ ማለት ጂኑ አንድ አይነት ነው እኮ፣ ነገሩ የአንድ ጂን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ባልሆነ። ስተርቴቫንት ራሱ በኋላ ሀሳቡን ትቶታል፣ መማሪያ መፅሀፎቹ ናቸው አልተውም ያሉት።

ስለዚ ነገ ስትገቢ የልጁን ስም ሳትጠሪ ቤተሰቡንም ሳታነሺ "ትላንት የነገርኳችሁ ስህተት ነበር፣ ምላስ ስለ እናትና አባት ምንም አይናገርም" ብለሽ የመንታዎቹን ታሪክ ንገሪያቸው። ስህተቱን በራስሽ ላይ አድርጊው። ልጁን ለብቻ ጠርተሽ ማባበል ግን አይመቸኝም፣ የሆነ ነገር እንዳለ ያስመስላል።

ሰሌዳ አጥፊ
ጉድ ነው፣ እኔ ስንት አመት ሳስተምረው ኖሬያለሁ 🙈 የጆሮ ጫፍ መጣበቅና የአይን ቀለምስ?

ሴል ዎል
የጆሮ ጫፍም ያው ነው፣ ብዙ ጂን ያለበት ነገር ነው፣ ተጣበቀ አልተጣበቀ ለማለት የሚያስቸግር መሀል ላይ ያለ ጆሮም ሞልቷል። የአይን ቀለምም ብዙ ጂኖች ናቸው፣ ሰማያዊ አይን ያላቸው ሁለት ሰዎች ቡናማ አይን ያለው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፣ ብዙ ባይሆንም ያጋጥማል። ባጭሩ የተማሪን ገላና ቤተሰብ ለምሳሌ አታድርጉ። ክፍል ውስጥ በማደጎ ያደገ ይኖራል፣ አባቱን የማያውቅ ይኖራል፣ "የቤተሰባችሁን ዝርዝር ሰርታችሁ ኑ" የሚለው የቤት ስራ ለነሱ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አተር ቆጣሪ
በአተር አስተምሪ! አተር አይሰደብም አያፍርም። ሜንዴል ከ1856 እስከ 1863 አተር ሲያዳቅል ቆይቶ ፅሁፉ የታተመው በ1866 ነው፣ ከክብና ከጭምድድ ዘር ከተዳቀሉት በሁለተኛው ትውልድ 5474 ክብ 1850 ጭምድድ ቆጠረ። ይሄን ቁጥር ሰጥተሽ ራሳቸው ያካፍሉት፣ 2.96 ይመጣል፣ "ለምን ድፍን 3 አልሆነም?" ሲሉሽ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ሌላው ዶሚናንትን "ኃይለኛው፣ አሸናፊው" ብለሽ አታስረጂ። ልጆቹ ሁለት ጂን ሲደባደብ ነው የሚታያቸው። የአተሩ ጂን የሚሰራው ስታርች ለመስራት የሚያግዝ ኢንዛይም ነው። ጭምድዱ አተር ውስጥ ከእናትም ከአባትም የመጡት ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች የተበላሹ ናቸው፣ ስታርቹ ሲያንስ ስኳሩ ይበዛል፣ ስኳሩ ውሃ ይስባል አተሩ ያብጣል፣ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ቆዳው ይጨማደዳል። አንድ ደህና ቅጂ ካለ ግን የሚበቃ ኢንዛይም ስለሚሰራ አተሩ ክብ ይሆናል፣ በቃ ዶሚናንት ማለት ይሄ ነው፣ ማንም ማንንም አልጣለም።

ላብ ኮት
ይሄ ለ8ኛ ክፍል አይበዛም ወይ? ኢንዛይም ሲሉት የሚያንቀላፋ ልጅ ነው ያለኝ።

አተር ቆጣሪ
ኢንዛይም የሚለውን ቃል ተወው፣ "ሰራተኛ" በለው። ሁለት የስራ መመሪያ አለህ አንዱ ቢቀደድ በሌላው ትሰራለህ፣ ሁለቱም ከተቀደደ ስራው ቀረ። ገብቷቸው ያውቃል።

ሴል ዎል
ልጨምርበት፣ ዶሚናንት ማለት በብዛት ያለ ማለትም አይደለም። ከአምስት በላይ ጣት ይዞ መወለድ አብዛኛውን ጊዜ በዶሚናንት ነው የሚወረሰው ግን ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ኦ የደም አይነት ደሞ ሪሴሲቭ ሆኖ በብዙ ህዝብ ውስጥ ከሁሉም የበዛው እሱ ነው።

የሂሳብ ሰው
እኔ ሂሳብ ነኝ ግን "አራተኛው የግድ" የምትለዋን ነገር አላልፋትም 😄 ሳንቲም አስወርውሪያቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፣ አንዱ እናት አተር አንዱ አባት አተር፣ የሳንቲሙ አንድ ፊት ትልቁ አር (ክብ) ሌላው ፊት ትንሹ አር (ጭምድድ)። ሁለቱም አንዴ ሲወረውሩ አንድ ልጅ ተወለደ፣ አራት ልጅ ይውለዱና ይፃፉ። በስሌቱ ልክ 3 ለ 1 የሚወጣላቸው ከ100 ጥንድ 42 ያህል ብቻ ናቸው፣ 32 ያህሉ ደሞ አንድም ጭምድድ አያገኙም። መጀመሪያ "ተበላሸብን" ይላሉ፣ ዝም በያቸውና የሁሉንም ሰሌዳ ላይ ደምሪ። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፣ አራተኛው ልጅም ሶስቱ ታላላቆቹ ምን እንደሆኑ አያውቅም።

ደሞ ፊደል ስትመርጪ ኤስን ወይ ሲን እንዳትወስጂ፣ ትልቁና ትንሹ በእጅ ፅሁፍ አይለይም፣ ፈተና ስታርሚ ታብጃለሽ።

ሰሌዳ አጥፊ
ክሮሞዞም (ጂኖቹን የሚሸከመው ክር) ላይ ስትደርሺ ካልሲ ተጠቀሚ። አንድ ጥንድ ረጅም አንድ ጥንድ አጭር፣ በየጥንዱ አንዱ ካልሲ ከእናት አንዱ ከአባት የመጣ ነው፣ ቀለማቸው ይለያይ። የዘር ህዋስ ሲሰራ ከየጥንዱ አንድ ብቻ ይወጣል። በሁለት ጥንድ 4 አይነት ድብልቅ ያገኛሉ፣ በሰው 23 ጥንድ ግን 8,388,608። ወንድምና እህት ለምን እንደማይመሳሰል ሳትነግሪያቸው ይደርሱበታል። የታጠበ ካልሲ ይሁን ብቻ።

ጠመኔ በእጄ
ተመለስኩ። ስህተቱ የኔ ነው አልኳቸው፣ የመንታዎቹን ታሪክ ስነግራቸው ያ "አባትህ ማነው" ያለው ልጅ ራሱ "እና መፅሀፍ ይሳሳታል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እሱን ስናወራ ሩብ ሰአት ሄደ። ሳንቲሙን 21 ጥንድ ሆነው ወረወሩ፣ ልክ 3 ለ 1 ያገኙት 8 ጥንድ ናቸው፣ 6 ጥንድ ሁሉም ክብ ሆነባቸው፣ አንዱ ጥንድ ሶስት ጭምድድ አግኝቶ "ሳንቲማችን ተበላሽቷል ይቀየርልን" አሉ። ድምሩ 61 ክብ 23 ጭምድድ መጣ። ያ ልጅም አባት አተር ሆኖ ሲወረውር ነበር።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ ካልሲ ከቤት አምጡ ብዬ አንዱ ያልታጠበ ይዞ መጣ፣ ምን ይሻላል?

ሰሌዳ አጥፊ
ብያለሁ እኮ 😂 ባለቀለም ወረቀት ቁረጪ።