በፀደይ ወራት የፈተና እርማት፣ የእጅ ሹራብና የጓሮ አትክልት፦ ከቤተሰብ ጊዜ ጋር እንዴት ይስማማሉ?

ጥያቄ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ አለኝ። የያዝኋቸው አራት ክፍሎች ሲሆኑ በእያንዳንዳቸው ከ50 በላይ ተማሪዎች ስላሉ፣ አንድ ፈተና በሰጠሁ ቁጥር ከ200 የማያንስ ወረቀት ተሸክሜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ፀደይ ደግሞ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ዝግጅት የሚገናኙበት ወቅት በመሆኑ፣ በበልጉ ዝናብ ምድሩ ሲለመልም እኔ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ጊዜ አጣለሁ።

በዚህ ዓመት ሁለት ሥራዎችን በፍቅር ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ለአባቴ የምሠራው ሹራብ ነው። ወላጆቼ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ አካባቢ ይኖራሉ። ፀጉሩ ከራሳቸው በጎች የተሸለተ ነው፤ እናቴ በእንዝርት ፈትላ በሁለት ትልልቅ ድውር ላከችልኝ። የፊቱንና የጀርባውን ክፍል ጨርሼ አንዱን እጅጌ ከሠራሁ በኋላ፣ የበጉ ሽታ እንዲለቅ ብዬ እጅጌውን በፈላ ውኃ አሸሁት። ሲደርቅ ለስድስት ዓመቱ ልጄ እንኳ የማይበቃ፣ እንደ ባና (ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) የጠጠረ ሆኖ አገኘሁት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለመጨረስ ለራሴ ቃል ስለገባሁ ማታ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት እሠራለሁ።

ሁለተኛው ከቤታችን ጀርባ ያለው፣ ስፋቱ 4 በ6 ሜትር የሚሆን ጓሮ ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ድንች አለበት። ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ጋብ ሲል ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወረረው፤ ቅጠሉን ስገለብጠው ከሥሩ አመድ የተነፋበት ይመስላል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ግንቦት 1 ቀን የሆነው ነው። ጎረቤቶቻችን ለልደታ ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው ደጅ ላይ ሲሰበሰቡ እኔ ቤት ውስጥ ወረቀት አርም ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ንፍሮ በእፍኟ ይዛ ገባችና ከወረቀቶቹ ጠርዝ ላይ አስቀምጣልኝ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹራቡን ወይም ጓሮውን መተው ይገባኝ እንደሆነ አስባለሁ። ተመሳሳይ ኑሮ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት

ልጄ፣ 34 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን ክርና መርፌ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። በመጀመሪያ ስለ ሹራቡ ልንገርሽ፤ የከበደሽ ሥራው ራሱ ሳይሆን የቆረጥሽለት ቀን ይመስለኛል። መንዝን አውቀዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ቢሆንም፣ የአገሩ ሰው አጥንት የሚሰማው ብርድ ውርጭ ከሚወርድበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። አባትሽ ሹራቡን በመስከረም ቢያገኙት ከዋናው ብርድ ቀድሞ ደረሰላቸው ማለት ነው። ትምህርት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ በሙሉ በእጅሽ እያለ በግንቦት እንቅልፍሽን የምታጪበት ምክንያት አይታየኝም።

የተበላሸው እጅጌ አይመለስም። የበግ ፀጉር እያንዳንዱ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልባስ አለው፤ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ወደኋላ አይላቀቁም። ስለዚህ ከርከም አድርገሽ ለልጆችሽ የጫማ ንጣፍ አድርጊው፤ እግር በጣም ያሞቃል። ከእንግዲህ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ዘፍዝፈሽ፣ ሳታሺና ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ በመጫን ውኃውን አውጪና በጥላ ሥር አንጥፈሽ አድርቂው። እርጥቡን ሰቅለሽ እንዳታሰጪው፤ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል።

አዲሶቹን እጅጌዎች ከመጀመርሽ በፊት ትንሽ ናሙና ሥሪ፣ እጠቢው፣ ከደረቀ በኋላ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንዳለ ቁጠሪ። ለምሳሌ 16 ቢሆን፣ ዙሪያው 24 ሳንቲሜትር ለሆነ የእጅ አንጓ 38 ቀለበት ያስፈልግሻል፤ የሒሳብ መምህርት ስለሆንሽ ቀሪውን ለአንቺ እተወዋለሁ። ሁለቱን እጅጌዎች ደግሞ ከሁለት ድውር እየወሰድሽ በአንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን ሥሪያቸው፤ ርዝመታቸው ሳይበላለጥ አብረው ያልቃሉ። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ስለሆነ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል። የአንገቱን ጠርዝ ከገበያ በሚገዛ ለስላሳ ክር ብትጨርሺው አባትሽ ሳያወልቁት ይውላሉ።

መልስ 2፦ የግብርና ባለሙያ ከሸኖ

እህቴ፣ ጓሮዎን እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ስፋት ላይ ያለ አትክልት በሥርዓት ከተያዘ በቀን ከሩብ ሰዓት በላይ አይጠይቅም። ክሽክሽ በደረቅ ጊዜ ይራባል፤ ጠንካራ ዝናብ ደግሞ ከቅጠሉ ላይ ያጥበዋል። ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ በጣም የተወረሩትን ቅጠሎች ቆርጠው ከጓሮው ያርቁ። በቀሩት ላይ ጥቂት የልብስ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ወደ ማታ ይርጩ፤ ዋናው ነገር የቅጠሉ የታችኛው ገጽ መራሱ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ይደጋግሙት፤ ከመብላትዎም በፊት በደንብ ይጠቡት። ብዙ እናቶች ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ የእንጨት አመድ ይነሰንሳሉ፤ ይህም ይረዳል።

ድንቹ አንድ ስንዝር ያህል ካደገ አፈር ያስታቅፉት፤ ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ስለሚሆን ለመብል አይሆንም። ካሮቱ ተጨናንቆ በቅሎ እንደሆነ በመካከሉ ሦስት ጣት ያህል እየለቀቁ ያሳሱት፤ ይህ ለልጆች የሚመች ሥራ ነው። ቆስጣውን ከሥሩ ሳይነቅሉ የውጪውን ቅጠል ብቻ እየለቀሙ ከተጠቀሙበት ለወራት ያገለግልዎታል። ነጭ ሽንኩርት ለመትከል ካሰቡ በሰኔ ይትከሉት፤ አሁን አዲስ ነገር አይጨምሩ።

መልስ 3፦ መምህርና የሦስት ልጆች አባት ከደሴ

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በእኔ እምነት ዋናው ችግር ሹራቡም ጓሮውም ሳይሆን ወደ ቤት የሚገባው ወረቀት ነው። እኔም እንደ እርስዎ ነበርሁ። አሁን አጫጭር የተከታታይ ምዘና ፈተናዎችን ተማሪዎቹ ወረቀት ተለዋውጠው በክፍል ውስጥ አብረን እናርማለን፤ እኔ ከየክፍሉ አሥር ያህል እያነሣሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ። ተማሪው ስህተቱን ወዲያው ስለሚያይ ትምህርቱም ይጠቅመዋል። ውጤት በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሳልወጣ እመዘግባለሁ፤ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ) ለመሙላት ሰኔን የሚጠብቅ መምህር በሰኔ ቤተሰቡን አያይም።

አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ልጠይቅዎ፤ ባለቤትዎ በጽሑፍዎ ውስጥ አልተነሡም። እኔ ባለቤቴ ነርስ ስትሆን ሌሊት በምታድርባቸው ቀናት እራት ማብሰልና ልጆቹን ማስጠናት የእኔ ድርሻ ነው፤ ይህን የተማርሁት ግን ዘግይቼ፣ እርስዋ ከደከመች በኋላ ነው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ የሳምንቱን ሥራ በስም ብትከፋፈሉት መልካም ነው። «አግዘኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማክሰኞና ሐሙስ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ጠያቂዋ፦ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

እትዬ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለቤቴ በሹፍርና ሥራ ከከተማ ውጭ ስለሚያድር ሁሉን በእኔ ላይ እንደወደቀ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ አነጋግሬው ቅዳሜና እሑድ የጓሮውን ውኃ ማጠጣትና የልጆቹን ልብስ ማጠብ ወስዷል። የመጨረሻውን አጭር ፈተና በክፍል ውስጥ አረምን፤ ከ200ው ወረቀት ወደ ቤት የመጣው 40 ብቻ ነው። ክሽክሹ በሳሙናው ውኃ ቀንሶ ሳለ ሰኞ ሌሊት የወረደው ዝናብ የቀረውን አጠበው።

ሹራቡን አጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ አወጣዋለሁ። ከተረፈው ክር ግን ልጄ የአንገት ልብስ ጀምራለች። ማታ ቡና ሲፈላ አጠገቤ ተቀምጣ በ20 ቀለበት ትሠራለች፤ እስከ ትናንት አንድ ስንዝር ደርሷል። በየረድፉ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቀለበት እየተጨመረባት ጠርዙ እየሰፋ ነው፤ እትዬ፣ ይህን ሳላፈርስባት የማስተካክልበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣችው መምህርት

አታፍርሺባት፤ አሁን ስንት እንደደረሰ አብራችሁ ቁጠሩ። 26 ከሆነ በሚቀጥሉት ስድስት ረድፎች መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት ቀለበት በአንድነት ትሥራና ወደ 20 ትመለሳለች። የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ረድፉ ሲዞር ክሩ በመርፌው ላይ ስለሚቀር ነው። ስትዞር ክሩን ወደ ታች ጎትታ ከፊት ለፊት እንድትይዘው አሳዪያት፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ በኋላም ጮክ ብላ ትቁጠርልሽ።