ክርክር፦ ኪራይን ያናረው ጦርነቱ ነው ወይስ አከራዩ?

አስተባባሪ፦
በእሑዱ የብሎክ ስብሰባ አንዲት ጎረቤታችን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት መቀየራቸውን ሲናገሩ፣ አንድ አባት «ሀገር ሲታመስ ዋጋ አይረጋም፤ አከራይ ምን ያድርግ?» ብለው መለሱላቸው። ጊዜ ስላልበቃን እዚህ እንቀጥለው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ጦርነትና አለመረጋጋት ባናሩት ገበያ መንግሥት የኪራይ ዋጋን መቆጣጠሩ ተገቢ ነው? እንደምታውቁት በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነው መጠን ብቻ ነው። ብሔር እየጠቀሱ መወቃቀስ አይፈቀድም።

ከደሴ የመጣሁ ተከራይ፦
ነገሩ የተነሣው በእኔ ስለሆነ እኔው ልጀምር። ጥቅምት 2014 ደሴን ስንለቅ የቤቴን ቁልፍ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የወጣሁት። ለሳምንት መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ስደርስ አንዲት ክፍል በ3,500 ብር አገኘሁ፤ አከራዩ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ስለጠየቀኝ የአንገት ሐብሌን ሸጬ ከፈልሁ። ዛሬ ለዚያች ክፍል 9,000 ብር ይጠየቅባታል። ጦርነቱ ክፍሏን አላሰፋት፤ ውኃ አላስገባላት። ዋጋዋ የጨመረው እኔን የመሰለ ሰው በሯ ላይ ስለቆመ ነው። በሰው ጭንቀት ላይ ዋጋ መቁረጥ ንግድ አይባልም። ሕጉ ይጥበቅ።

ጡረተኛ መምህርና አከራይ፦
እህቴ፣ የደረሰብዎ ነገር ያሳዝናል፤ የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅንም አልደግፍም። ይሁንና እኔ ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ያከራየሁት ጡረታዬ ስለማይበቃኝ ነው። ጤፉንና ዘይቱን የምገዛው እርስዎ ከሚገዙበት ሱቅ ነው። በጦርነቱ የመሰቦ ፋብሪካ ሲቆም፣ ለአንድ መጸዳጃ ቤት ጥገና ሲሚንቶ ፍለጋ ሁለት ወር ተንከራትቻለሁ።

ቁጥጥርም ለእኔ አዲስ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ጎረምሳ ነበርሁ። ኪራይ ተቀነሰ፣ ሕዝቡም እልል አለ። ከዚያ በኋላ ግን የእነዚያን የቀበሌ ቤቶች ቆርቆሮ ማን ቀየረ? ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» አለ፤ ቀበሌው «በዚህች ኪራይ ምን ልጠግን?» አለ። ግድግዳው እየዘመመ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ሰው ዕድሜውን ጨረሰበት። ዛሬም «ለሁለት ዓመት ከምታሰር ባዶውን ይቀመጥ» የሚሉ አከራዮችን እሰማለሁ። የተቆለፈ ቤት ለተፈናቃይ ምን ይጠቅመዋል?

የቤት ደላላ፦
በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ጦርነት ቤት ያስወድዳል ይባላል፤ መጀመሪያ ግን ያረክሳል። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰበት ሰሞን ስልኬ ሌት ተቀን ይጮህ ነበር፤ የሚደውለው ሁሉ ሻጭ ነው። «ባገኘኸው ዋጋ አሻሽጥልኝ» ይሉኛል፤ ገዢ ግን የለም። ፍርሃቱ ሲያልፍ ነገሩ ተገለበጠ። የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ስለነበር፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ብሩን ወደ ግድግዳ ለመለወጥ ተጣደፈ። ሊኖርበት የማይገዛ፣ ለማከራየትም የማይቸኩል ገዢ መጣ። ሰሚት አካባቢ የመስኮቱ ላስቲክ እንኳ ያልተነሣለት፣ በሩ ላይ አቧራ የጋገረ ቤት ላሳያችሁ እችላለሁ። ጋሼ ስለ ተቆለፈ ቤት ያሉት እውነት ነው፤ የቆለፈው ግን አዋጁ አይደለም። አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ተቆልፎ ነበር።

የባንክ ሠራተኛ፦
ብድሩንም ጨምሩበት። ነሐሴ 2013 ባንኮች ንብረት በመያዣነት ይዘው ማበደራቸውን ለጊዜው እንዲያቆሙ ታዘዙ። ነሐሴ 2015 ደግሞ ግሽበትን ለመግታት ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ሊፍቱና የመብራት ዕቃው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቤት ካልተሠራ የኪራይ ቁጥጥር እጥረቱን ከማከፋፈል አያልፍም።

የመቀሌ ልጅ፦
ማንንም ሳልወቅስ የሆነውን ልናገር። ጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት እንዲያሳውቁ በታዘዘበት ሳምንት፣ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ከተከራየበት ቤት ወጣ። አከራዩዋ እንደ ልጃቸው የሚያዩት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ፈራሁ» ብለው እያለቀሱ ሻንጣውን እስከ በር ተሸከሙለት። ኪራዩን በሙሉ ከፍሎ ነበር። የዋጋ ተመን ለእርሱ ምን ያደርግለት ነበር?

መቀሌ ደግሞ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ባንክ ተዘግቶ ደመወዝ አልነበረም። እኛ ቤት የሚኖሩት አስተማሪ ከዓመት በላይ ኪራይ አልከፈሉም። እናቴ አንድ ቀን አልጠየቀቻቸውም፤ ዱቄት ስታገኝ ታካፍላቸው ነበር። ሁሉም አከራይ እንዲህ ነበር አልልም። ጋሼ ግን ገበያው ሌላ መንገድ የለውም እንዳይሉ ነው ይህን የጻፍሁት።

የ2005 ተመዝጋቢ፦
ሁሉንም በጦርነት ማመካኘት ይብቃ! ለኮንዶሚኒየም በ2005 ተመዝግቤ እየቆጠብሁ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። መጋቢት 2016 ፒያሳ ሲፈርስ የተነሣው ሰው ሁሉ የት ገባ? ያ ደግሞ ኪራይ አላስወደደም?

ከሜሪላንድ፦
የእኛንም ድርሻ ልመን። ገንዘባችንን ሀገር ቤት የምናስቀምጥበት ሌላ አስተማማኝ ቦታ ስናጣ አፓርታማ ገዛን፤ እኔም ገዝቻለሁ። ሁለት ዓመት ባዶውን ተቀምጧል። የደላላው ወንድማችንን ጽሑፍ ሳነብ አፈርሁ። ባዶ ቤት ላይ ከፍ ያለ ግብር ቢጣል ቅር አይለኝም።

ጡረተኛ መምህርና አከራይ፦
የባዶ ቤቱን ግብር እደግፋለሁ። የመቀሌ ልጅ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔም የሁለት ዓመቱን ውል አስመዘግባለሁ፤ ነገር ግን የዓመቱ ጭማሪ ሲወሰን የጥገና ወጪ ይታሰብልን። ከደሴ የመጡት እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የደሴው ቤትዎ አሁን እንዴት ነው?

ከደሴ የመጣሁ ተከራይ፦
ቆሟል። ልሸጠው ብል ዛሬ የሚቀርብልኝ ዋጋ እዚህ አንድ ክፍል አይገዛም፤ በዚህ ጊዜ ወደዚያ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው የለም። ከቆቦ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩበታል። መጀመሪያ በ1,500 ብር ነበር የገቡት። አምና የእኔ አከራይ ሲጨምርብኝ 700 ብር ጨመርሁባቸው። ሴትየዋ በስልክ «እሺ» ብቻ አለችኝ።