ደብረ ብርሃን ወይስ ሸዋ ሮቢት?

ሰላም ወገኖች፣ እስኪ ምከሩን። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ወገባችንን አጎበጠው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ሰሜን ሸዋ ልንገባ ወስነናል። የት በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም።

እኔ ደብረ ብርሃን እላለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋብሪካውም ዩኒቨርሲቲውም ስላለ ሥራ አይጠፋም። ችግሩ ብርዱ ነው። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ባለፈው ጥቅምት ለሦስት ቀን ሄደን፣ በጋቢ ተጠቅልላ ስትስል አደረች።

ባለቤቴ ሸዋ ሮቢት ትላለች። ቆላ ነው፣ ዘመዶቿም እዚያ ናቸው (አማቴም ጭምር፣ እሱን እንለፈው)። ወባውስ?

አስም ያለበት ልጅ ደብረ ብርሃን ያሳደጋችሁ፣ የጥቅምትን ውርጭ እንዴት አለፋችሁት? ሸዋ ሮቢት ያላችሁስ፣ ልጆቻችሁን ወባ በዓመት ስንቴ ይይዛቸዋል? ኪራዩስ?